የተቆለፈው ኮሚናል፦ ከፒያሳ ወደ ከተማው ዳር የመጡ ሴቶችና አንድ የእንጀራ ሥራ

መነሻ

ጉዳዩ የአንድ ኮንዶሚኒየም ሳይት ነው። ሳይቱ ያለው በአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ፣ አስፋልቱ አልቆ የገበሬ ማሳ በሚጀምርበት ቦታ ነው። እኔ በጊዜው በአንድ አነስተኛ አገር በቀል በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የፕሮጀክት አስተባባሪ ነበርኩ። ሥራው ከፒያሳ ተነስተው እዚያ የገቡ ሴቶች ገቢ እንዲያገኙ መርዳት ነበር፤ ከጥቅምት 2017 እስከ መስከረም 2018፣ አንድ ዓመት ያህል ቆየ።

የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ የሳይቱንና የድርጅቱንም እንዲሁ። ሰዎቹ አሁንም እዚያው ይኖራሉ፤ የቤታቸው ገበና የራሳቸው ነው። የጻፍኩት ተመሳሳይ ሰፈር ውስጥ ሥራ ለጀመሩ ባልደረቦቼ ነው። እኛ ሁለት ወር ያባከንንበትን ነገር እነሱ በሁለት ቀን እንዲያልፉት ብዬ።

ከየት መጡ

በ2016 የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ መንደር ፈረሰ። ከቀበሌ ቤት ተከራዮች ውስጥ ኮንዶሚኒየም የወሰዱ አሉ፣ ሌላ ቦታ ምትክ የቀበሌ ቤት የተሰጣቸውም አሉ። እኛ ያገኘናቸው አብዛኞቹ ኮንዶሚኒየም የወሰዱት ናቸው።

የቀበሌ ቤት ምን እንደሆነ ለወጣት አንባቢ ላስታውስ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ውስጥ አነስተኞቹ ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራያቸው ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልተነቃነቀም። ከእኛ ሴቶች አንዷ በወር ትከፍል የነበረው ኪራይ ከአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ያንስ ነበር። ቤቱ ጭቃ ነው። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ሥር ባልዲ ይደረደራል። ግን በሩን ሲከፍቱት ገበያ ነው። አንዷ ደጃፏ ላይ ቡና ታፈላለች፣ ሌላዋ ድንች ትጠብሳለች፣ ሌላዋ ለምግብ ቤት እንጀራ ታቀርባለች። መንገደኛው ራሱ ይመጣላቸዋል።

አዲሱን ቤት ማንም አልጠላውም። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፣ ውኃም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ትመጣለች። ችግሩ ሌላ ነው። ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው ስድሳ ያለፋቸው እናት አራተኛ ፎቅ ነው የደረሳቸው። መጀመሪያ ቀን ቤታቸው ስንሄድ ወንበር እያቀረቡ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ቤቱስ ቤት ነው። ግን እዚህ ሰማይ ላይ ተቀምጬ ለማን ልሽጥ? ለእርግብ?»

ክፍያም አለ። ቤቱ 20/80 የሚባለው ነው። 20 በመቶው ቅድሚያ ይከፈላል፣ 80 በመቶው የባንክ ብድር ሆኖ በየወሩ ይቆረጣል። የሽንኩርት ዋጋ ታህል የነበረችው ኪራይ የወር ዕዳ ሆነች። አንዳንዱ ቤቱን አከራይቶ እሱ ራሱ ራቅ ብሎ ጭቃ ቤት ተከራየ። ከብሎኩ መብራት የማይበራባቸው መስኮቶች ለምን እንደበዙ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ልብስ ስፌት

ፕሮፖዛላችን ላይ ችግሩ «የክህሎት ክፍተት» ተብሎ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከመጻፌ በፊት ሳይቱን ያየሁት አንዴ፣ ለግማሽ ቀን ነው።

መፍትሔው የሁለት ወር የልብስ ስፌት ሥልጠና ሆነ። 18 ሴቶች ተመዘገቡ። በጀቱ የተያዘው 10 ማሽን ለመግዛት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የማሽኑ ዋጋ ከእጃችን ወጣ። 6 ብቻ ገዛን። ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ማሽን ተማሩ።

የመገኘት መዝገቡ ብዙ ይናገራል። አበል በሚከፈልበት ቀን 18 ሰው፣ በማይከፈልበት ቀን 7። በሪፖርት ላይ አማካዩን ጻፍን።

ሥልጠናው አለቀ። ቀሚስ መስፋት ቻሉ። ገዢ ግን የለም። ከመርካቶ የሚመጣው ልብስ እነሱ ጨርቁን ከሚገዙበት ዋጋ ብዙ አይርቅም። በአቅራቢያው ያለ አንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ሊያሰፋ ቃል ገብቶ ነበር። ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ታኅሣሥ ላይ ማሽኖቹ ፕላስቲክ ለብሰው በአንድ ክፍል ተደርድረው ነበር።

ለቅሶው

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ኮሚናልን ያውቃል። ለተወሰኑ ብሎኮች አንድ የጋራ ሕንፃ ይሠራል፤ ድግስ የሚደገስበት፣ እህል የሚወቀጥበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት። የእኛ ሳይት ኮሚናል ተቆልፎ ነበር። ውስጡ የድንጋይ ያህል የጠነከረ ሲሚንቶና የተሰበረ ጠረጴዛ ነበረበት። ቁልፉ ያለው በነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ኪስ ነው። እኛም ለሥልጠና ጠይቀን «እናያለን» ተብለናል።

በታኅሣሥ አጋማሽ በብሎኩ አንድ አባወራ ሞቱ። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ነው። ለቀስተኛው የት ይቀመጥ? ፒያሳ ሳሉ እድራቸው ድንኳን ነበረው፣ ብረት ድስት ነበረው፣ አግዳሚ ነበረው። ሰፈሩ ሲፈርስ የእድሩ አባላት በየሳይቱ ተበተኑ። ድንኳኑ ማን ጋ እንደቀረ እስካሁን ያነታርካል።

እማማና አምስት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሊቀመንበሩ በር ላይ ሄዱ። እኔ አልነበርኩም፤ የነገሩኝ ናቸው። እማማ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ቁልፉን አምጣ። አስከሬን ቤት አለ።» ሰውዬው ቁልፉን አመጣ። ሲሚንቶውንም አብሮ ተሸከመ።

በማግስቱ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ኮሚናሉ በጭስ ተሞልቷል። አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አንዷ ወጥ ታማስላለች፣ ልጃገረዶቹ ውኃ ያመላልሳሉ፣ እማማ በማማሰያ እየጠቆሙ ያዛሉ። በሥልጠናው ላይ ጥያቄ ስጠይቅ መሬት መሬት የሚያዩት ሴቶች እነዚሁ ናቸው። ለሰማንያ ሰው የሚበቃ ምግብ ያለ አንዳች ስብሰባ ይወጣል።

ከሰዓት በኋላ እንጀራ አለቀ። ልጅ ተልኮ ከአስፋልቱ ዳር ሱቅ ገዝቶ መጣ። አንዷ ሴት አንዱን ገልጣ ወደ ብርሃን አነሳችው። ዓይን የለውም። ላዩ እንደ ወረቀት ለጥ ያለ ነው። ቀደደችና ቀመሰች። «ሩዝ ነው» አለች። ሌላዋ ተቀብላ፦ «ሰፈሩ ሁሉ ይህን ነው የሚበላው? እኛ እያለን?»

ፕሮጀክቱ የተጀመረው ያን ቀን ነው ብል ደስ ይለኛል። ሪፖርቱ ላይ ግን ጥቅምት ነው።

እንጀራው

ነገሩን አጣራን። የሳይቱ ሠራተኛ ነዋሪ ታክሲ ሰልፍ ለመያዝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይወጣል፣ ማታ 2 ሰዓት ይገባል። እንጀራ የሚጋግርበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ይገዛል። ገበያው ፒያሳ ቀርቷል ብለን ስናለቅስ ገበያው ከጎናችን ደረጃ ይወጣና ይወርድ ነበር።

12 ሴቶች ተሰባሰቡ። ስድስቱ የልብስ ስፌት ሠልጣኞች ነበሩ። የለጋሹን ፈቃድ ጠይቀን ከቀረው በጀት ላይ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛን። ኮሚቴው ከለቅሶው በኋላ እምቢ ለማለት አፈረ፤ ኮሚናሉን እንድንጠቀምበት የአንድ ዓመት ውል ፈረመ። ጥር ላይ መጋገር ተጀመረ።

የመጀመሪያው ቀን መብራቱ ሦስት ጊዜ ጠፋ። አንድ የእንጀራ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎዋት አካባቢ ይጎትታል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲለኮሱ ከአሥር ኪሎዋት ያልፋል። የኮሚናሉ መስመር የተዘረጋው ለአምፖልና ለጥቂት ሶኬት ነው። ይህን ስሌት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ከእኛ መካከል ምጣዱን ከመግዛታችን በፊት የሠራው አልነበረም። ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ አመለከትን። እስኪገባ አምስት ወር ፈጀ።

እስከዚያው አንዱን ምጣድ ብቻ እያሠሩ፣ በጎን «ምርጥ» የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሁለት አድርገው በእንጨትና በሰጋቱራ አነደዱ። ጭሱ ከጎኑ ያለው ብሎክ መስኮት ገባ። አንዲት እናት የታመመ ሕፃን አቅፋ መጣች። ተጣሉ፣ ተላቀሱ፣ ታረቁ። ከዚያ በኋላ በእንጨት የሚጋገረው ቀን ላይ ብቻ፣ ነፋሱ ወደ ማሳው በሚነፍስበት ሰዓት ሆነ። ይህን መርሐ ግብር ያወጣው የትኛውም ባለሙያ አይደለም።

ደብተሩ

ከሴቶቹ የአንዷ ልጅ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አላት። ሥራ ፈትታ ቤት ተቀምጣ ነበር። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ሰጥተን ሒሳብ እንድትይዝ ጠየቅናት። ከሠራነው ሁሉ በርካሽ የተገኘ፣ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመ ነገር ይህ ነው።

ሴቶቹ ባንድ እንጀራ ላይ 3 ብር እናተርፋለን ይሉ ነበር። የሚያሰሉት ጤፍና ወፍጮ ነው። ልጅቷ ሰጋቱራውን፣ የካርድ ቆጣሪውን፣ የማሰሻውን ጎመን ዘር፣ ጤፉ የመጣበትን የባጃጅ ኪራይ ጨመረች። ከዚያ የተቀደደውን መቁጠር ጀመረች። ከ200 እንጀራ 15 ያህሉ ከምጣዱ ሲነሳ ይቀደዳል፣ ወይም ጠርዙ ይደርቃል። እሱ ለልጆች ቤት ይሄዳል፤ በሒሳብ ግን የለም። ሁሉም ሲደመር የአንዱ ትርፍ ከ1 ብር በታች ወረደ።

ደብተሩ የተነበበ ቀን ዝም ተባለ። አንዷ ሩዝ እንጨምርበት አለች፤ ሁሉም ይጨምራል። እማማ ተቆጡ፦ «ጤፉ ላይ ሩዝ የጨመርሽ ቀን ስሜ ላይ ጨመርሽ። እኔን አውጡኝ።» ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ ከሩዙ ጋር ነበርኩ።

ያሸነፈው የእማማ ሐሳብ ነው፣ ግን በሌላ መንገድ። ሱቅ ማቅረብ ትተው በቀጥታ ለቤት ማድረስ ጀመሩ። ቤተሰቡ የሳምንቱን ቅዳሜ ይከፍላል። እንጀራው ማታ በሩ ድረስ ይመጣለታል፣ አራተኛ ፎቅም ቢሆን። ዋጋው ከሱቁ ትንሽ ከፍ ይላል። ከሴቶቹ ቤት ወጣቶች አራቱ ደረጃውን በኮሚሽን ይወጡታል። በቅድሚያ የተከፈለበት ስለሆነ የሚያድር እንጀራ የለም። ሊጡም ሦስት ቀን ቀድሞ የሚቦካው በተቆጠረ ልክ ነው። የተቀደደው ደርቆ ድርቆሽ ሆነ፤ እሱም ገዢ አገኘ።

ሚያዝያ ላይ የአንዱ ትርፍ ከ2 ብር አለፈ።

ብድርና እቁብ

እዚህ ላይ በግልጽ ወድቀናል። ለ12ቱም ለየግል ሥራ ማንቀሳቀሻ 5,000 ብር ተዘዋዋሪ ብድር ሰጥተን ነበር። በጊዜው የመለሱት 4 ናቸው። የቀሩት ሌቦች አይደሉም። አንዷን ጠየቅኳት። «ወንድሜ፣ የኤንጂኦ ብር እንደሚመለስ ማን ያውቃል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከእኛ በፊት የመጡት ድርጅቶች እናስመልሳለን ሲሉ ቆይተው ሪፖርት ሲደርስ ይተዉት ነበር።

የሚገርመው ያቺው ሴት የእቁብ መዋጮዋን አንድ ሳምንት አዛንፋ አታውቅም። ከለቅሶው በኋላ አዲስ እድር አቋቁመዋል፣ በእድሩ ላይ እቁብ ጀምረዋል። ዳኛዋ እማማ ናቸው፣ ጸሐፊዋ ያቺ ባለ ደብተር ልጅ። እኛ ያልተመለሰውን ብድር ወደ እቁቡ አዛወርነው። ተበዳሪዋ ዕጣ ሲወጣላት ከዕጣዋ ላይ ይቆረጣል። ዋሷ ጎረቤቷ ናት። እስከ መስከረም ከ8ቱ 6ቱ ከፍለው ጨረሱ። የተሰበሰበው ለእኛ አልተመለሰም። ለእድሩ ድንኳን ተገዛበት። ለጋሹን ለማስረዳት ሦስት ደብዳቤ ጽፈናል።

ከአጥሩ ማዶ

ሳይቱ ያረፈበት መሬት ከጥቂት ዓመታት በፊት የጤፍና የስንዴ ማሳ ነበር። ገበሬዎቹ ካሳ ተቀብለው ተነሱ። አንዳንድ ቤተሰብ ከአጥሩ ማዶ ጥቂት ላሞች ይዞ ቀርቷል። በእኛ ሰነድ ውስጥ ስለ እነሱ አንድ ቃል የለም። «ነዋሪ» ስንል ብሎክ ቁጥር ያለውን ማለታችን ነበር።

አፋን ኦሮሞ የምትችል ባልደረባችን ከአንዲት ወተት ሻጭ ጋር ቆማ ስታወራ ሴትዮዋ፦ «እነዚያ ከፈረሰ ቤት ነው የመጡት፣ እኛ ከፈረሰ ማሳ። እኛን ማን ጠየቀን?» አለቻት። ባልደረባዬ ቢሮ ገብታ ይህን ስትነግረን መልስ አልነበረንም።

አምስት ቤተሰቦች በእንጀራው መንገድ ወተት ማቅረብ ጀመሩ። ልጆቹ ማታ እንጀራ፣ ጠዋት ወተት ያደርሳሉ። አንድ ወር ጥሩ ሄደ። የየቀኑን መጠን በውል አሰርነው። የካቲት 17 ሑዳዴ ገባ። 55 ቀን። የክርስቲያኑ ቤት ሁሉ ወተት አቆመ። ውል ስለሆነ ሁለት ሳምንት ለማይሸጥ ወተት ከፈልን። ወተት ሻጯ ሳቀችብን። እነሱ በየዓመቱ ሑዳዴ ሲገባ ወተቱን ንጠው ቅቤ ያጠራቅማሉ፣ ለፋሲካ ዋዜማ ያወጡታል። ቢሮ ውስጥ ካሉት ሰዎች ግማሾቻችን እንጾማለን። ውሉን ስንጽፍ ግን የቀን መቁጠሪያውን አላየንም።

ሚያዝያ 12 ፋሲካ ነበር። በዋዜማው ሳምንት ቅቤው በእንጀራው መንገድ ተሸጦ አለቀ።

ለሌላ ሰፈር የሚሆነው

ከተዛወረ ሰው ጋር ስትሠራ ምን ሙያ እንዳለው ቀድመህ አትጠይቅ። ለማን ይሸጥ እንደነበር ጠይቅ። የፒያሳዎቹ ሴቶች ሙያ አልጎደላቸውም፤ ደንበኛቸው ነው የጠፋው። ሥልጠና ደንበኛ አይወልድም።

ሁለተኛው፣ ሰው ሲሞት ማን ድስት እንደሚያቀርብ እይ። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ እማማ ተናግረው አያውቁም። በለቅሶው ላይ ግን ሊቀመንበሩን ሲሚንቶ አሸክመዋል። የእኛ የባለድርሻ አካላት ዝርዝር ውስጥ ሊቀመንበሩ አንደኛ ነበር፣ እማማ አልነበሩም።

ስለ ወጪ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ከሁሉ የጠቀመን ወጪ ደመወዝ ነው፦ በሳምንት አራት ቀን እዚያው የምትውል አንዲት ባልደረባ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ይህን የሚፈራ ድርጅት ሰው ቀንሶ ዕቃ ይገዛል። ዕቃ ፎቶ ይነሳል፣ በደረሰኝም ይታያል። አዋጁ ግን ለፕሮጀክቱ ሥራ በቀጥታ የሚወጣን ወጪ ከአስተዳደራዊ አይቆጥረውም። እሷ ባትኖር የወተት ሻጯን ቃል አንሰማም ነበር።

ቆጣሪ፣ ሽቦ፣ ውኃ፣ ደረጃ። እነዚህን ማሽን ከመግዛት በፊት በእግር ዞሮ ማየት ነው። አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለግማሽ ቀን ብንቀጥር አምስት ወር አንጉላላም ነበር።

መስከረም ላይ

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት መስከረም 2018 ነው። ከ12ቱ ሴቶች 9 ቀርተዋል። አንዷ ዐረብ አገር ሄዳለች፣ ሁለቱ ቤታቸውን አከራይተው ወጥተዋል። ባለ ሦስት ፌዙ ቆጣሪ ገብቶ ሦስቱም ምጣድ ይሠራል። ከስድስቱ ልብስ ስፌት ማሽኖች ሁለቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ የተቀደደ ሱሪና ዚፕ ለመጠገን። ወርሃዊ የባንክ ክፍያቸውን ከእንጀራው ብቻ የሚችሉት ሦስት ሴቶች ናቸው። የቀሩት ልጅ ወይም ባል ይጨምርላቸዋል።

የኮሚናሉ የአንድ ዓመት ውል ጥር ላይ ያበቃል። ኮሚቴው አሁን ኪራይ ይጠይቃል፣ ቦታው ገንዘብ እንደሚያወጣ ስላየ። ሴቶቹ ደግሞ ኮሚናል የሁሉም ነው፣ ለቅሶ ሲመጣ ምጣዱን አንስተን እንለቃለን ይላሉ። ባለ ደብተሯ ልጅ ኪራዩ በአንድ እንጀራ ላይ ስንት ሳንቲም እንደሚጨምር አስልታ ለስብሰባው ይዛለች። ቁልፉ ሁለት ቅጂ አለው። አንዱ ሊቀመንበሩ ጋ ነው። ሌላው እማማ አንገት ላይ፣ ከማተባቸው ጋር።